አዳማ ላይ ተርባይን አለ፤ የመተሐራው ሶላር የት ገባ?

በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ ተርባይኖች ሳያይ ከተማዋ አይገባም። ጉዞውን ወደ አዋሽ ቀጥሎ መተሐራ ሲደርስ የሚያየው የአገዳ ማሳውን፣ የበሰቃን ሐይቅና የፈንታሌን ተራራ ነው። በ2010 ዓ.ም. የጣሊያኑ ኤኔል ጨረታውን ያሸነፈበት 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አልተገነባም። መተሐራ ደግሞ ፀሐይ አላጣም።

ለዚህ ልዩነት መልሱ ያለው ከቴክኖሎጂው ይልቅ ገንዘቡ በመጣበት መንገድ ውስጥ ነው። በየመንገዱ ዳር ቆመው የምናያቸው የነፋስ ማመንጫዎች በሙሉ መንግሥት ተበድሮ ያሠራቸው ናቸው። በጨረታ ተሸጠው የቀሩት ትልልቅ የፀሐይ ማመንጫዎች ደግሞ የግል ባለሀብት በራሱ ገንዘብ ገንብቶ ኃይሉን ለመንግሥት እንዲሸጥ የታሰቡ ነበሩ። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ከመኪና መስኮት የሚታየውን ነገር በወጉ ማንበብ ይጠቅማል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ተርባይኑ እየሠራ ነው ወይስ ቆሟል?

አዳማ ላይ ሁለት ማመንጫዎች አሉ። በ2004 የተጠናቀቀው አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት፤ በ2007 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ሲሆኑ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። እዚያው አካባቢ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የቆቃ ግድብ አቅም 43 ሜጋ ዋት ገደማ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ኮረብታው ላይ የቆመው ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን ይገባዋል።

የአዳማ አንድ ተርባይኖች የቻይናው ጎልድዊንድ ሥራ ናቸው። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 77 ሜትር ነው፤ ማማው ደግሞ 65 ሜትር ይረዝማል። ከማማው ጫፍ ያለው ጭንቅላት አጠርና ወፈር ያለ ነው፤ ምክንያቱም ውስጡ ካምቢዮ የለም። ክንፎቹ በቀጥታ ጄኔሬተሩን ያዞራሉ። የአዳማ ሁለቶቹ የሳኒ ምርት ሲሆኑ ካምቢዮ ስላላቸው ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ የረዘመ ነው። ካምቢዮ ያለው ተርባይን ላይ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ዘይት ነው። ነጩ ማማ ላይ ከላይ ወደታች የወረደ ጥቁር ወይም ቡናማ ግርፋት ካያችሁ ዘይት ወይም ቅባት ፈሷል ማለት ነው። ተርባይኑ ላይቆም ይችላል፤ ጥገና እየጠበቀ መሆኑን ግን ይናገራል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ለምን ቆመ?» የሚለውን ነው። መጀመሪያ ክንፉን እዩ። የሚያመነጭ ተርባይን የክንፉን ሰፊ ገጽ ለነፋሱ ይሰጣል። የቆመ ወይም እንዲያርፍ የተደረገ ተርባይን ክንፎቹን ጠምዝዞ ስለታቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ከነፋሱ ፊት ለፊት ሆኖ ለሚያይ ሰው ክንፉ ቀጭን መስመር መስሎ ይታየዋል። እንዲህ ሆኖም ቀስ እያለ ሊዞር ይችላል፤ መዞሩ ብቻ ማመንጨት አይደለም። ቀጥሎ ጎረቤቶቹን ቁጠሩ። በሰልፉ ውስጥ አንዱ ብቻ ቆሞ ሌሎቹ የሚዞሩ ከሆነ ችግሩ የዚያው የአንዱ ነው፤ ሴንሰር፣ ኢንቨርተር፣ የክንፍ ማዞሪያ ሞተር፣ ወይም የተያዘለት የጥገና ቀን። ሁሉም ከቆሙ ወይ ነፋስ የለም (በሰከንድ ከ3 ሜትር በታች አይነሱም)፣ ወይ ነፋሱ ከልክ አልፏል (በሰከንድ ከ22 እስከ 25 ሜትር ሲደርስ ራሳቸውን ያቆማሉ)፣ ወይ ደግሞ መስመሩ ተቋርጧል። ባሕር ዛፉ ጎንበስ ቀና እያለ ተርባይኖቹ በሙሉ ቀጥ ካሉ፣ ነገሩ የመስመር ወይም የማከፋፈያ ጣቢያ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። የነፋስ ማመንጫ ግሪዱ (የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ) ሲጠፋ ብቻውን አይሠራም። ቮልቴጁንና ድግግሞሹን የሚከተለው ከግሪዱ ነው፤ መሪው ሲጠፋ ያቆማል።

አንዱ ለወራት ከቆመ ግን ብዙውን ጊዜ መለዋወጫ ነው፤ መለዋወጫ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ፍጥነቱን በሰዓት መለካት ይቻላል። ባለ 77 ሜትሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ በደቂቃ 17 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ሦስት ክንፍ ስላለው በማማው ፊት በደቂቃ ወደ 51 ክንፍ ያልፋል፤ በ12 ሰከንድ 10 ክንፍ ከቆጠራችሁ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ነው። ዝግ ያለ ይመስላል እንጂ የክንፉ ጫፍ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው። ሙሉ ፍጥነት ግን ሙሉ ኃይል ማለት አይደለም። የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ በሰከንድ 9 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 6 ሜትር ከሚነፍሰው አንድ ጊዜ ተኩል ብቻ ፈጣን ነው፣ የሚሰጠው ጉልበት ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በሩቅ የሚያይ ሰው ዓይን ይህን አይለየውም።

ከፍታውም የራሱን ይወስዳል። ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሙቀቱ ሲጨመርበት ጉድለቱ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ለባሕር ዳር የተሠራ የተርባይን ሰንጠረዥ ለአዳማ በቀጥታ አይሠራም፤ ያንኑ ምርት ለማግኘት ጠንከር ያለ ነፋስ ወይም ሰፋ ያለ ክንፍ ያስፈልጋል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ኢተያ አጠገብ የቆሙት ተርባይኖች ለምን እንዲያ እንደገዘፉ የሚያስረዳው አንዱ ነገር ይኸው ነው። የሲመንስ ጋሜሳ ሥራ ናቸው፤ የክንፋቸው ክብ ከዳር እስከ ዳር 132 ሜትር ነው። ከአዳማዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ነፋስ የሚይዙበት ስፋት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። 29 ብቻ ሆነው 100 ሜጋ ዋት የሚሞሉት ለዚህ ነው። አዟዟራቸውም ዝግ ያለ ነው፤ ክንፍ ሲረዝም የጫፉን ፍጥነት ለመገደብ ዙሩ መቀነስ አለበት። ዋጋው የሚከፈለው መንገድ ላይ ነው፦ ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም አንድ ወጥ ክንፍ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ሲመጣ ኩርባው፣ አደባባዩና ዝቅ ብሎ የተዘረጋው ሽቦ ሁሉ አስቀድሞ መለካት አለበት።

ሁለት ክንፍ ብቻ ያለው ተርባይን ያየ ሰውም ዓይኑ አልተሳሳተም። ከመቀሌ በስተደቡብ በአሸጎዳ ከቆሙት 84 ተርባይኖች 30ዎቹ የፈረንሳዩ ቬርኜ ሥራ ሲሆኑ ሁለት ሁለት ክንፍ ነው ያላቸው። የቀሩት 54ቱ ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው። ማመንጫው በ2006 ሲመረቅ አቅሙ 120 ሜጋ ዋት ነበር።

ነፋሱና ግድቡ

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ታዲያ ከዚህ በኋላ 100 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በወቅቶች ውስጥ ነው። ግድቦቻችን የሚሞሉት በክረምት ነው። በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ውኃው እየጎደለ ይሄዳል። በስምጥ ሸለቆው ጥሩ ነፋስ የሚነፍሰው ደግሞ በአብዛኛው በእነዚሁ ደረቅ ወራት ነው። ተርባይኖቹ በሚዞሩበት ሰዓት በግድቡ ተርባይን የሚያልፈው ውኃ ይቀነሳል፤ የተረፈው ውኃ ለምሽት ይቀመጣል። ሌሎች አገሮች ለነፋስ ኃይል ውድ ባትሪ ሲገዙ እኛ ግድቡን በባትሪነት እንጠቀማለን።

በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ በመጉደሉ አገሪቱ በሙሉ በፈረቃ መብራት ስታገኝ የታየው ድካም ይኸው ነበር፤ ሁሉም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ፣ ቅርጫቱም ዝናብ ጠባቂ። ሕዳሴ ይህን አደጋ በጣም ያቃልለዋል፤ አያጠፋውም።

አንድ ቁጥር እዚህ ላይ ብዙዎችን ያስገርማል። አዳማ አንድና ሁለት በዲዛይን በዓመት ወደ 630 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ ተብለው ነው የተገነቡት፤ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅም ቢሠሩ ከሚሰጡት 35 በመቶ ገደማ ማለት ነው። «ነፋስ እኮ ሲሶውን ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው» እያሉ የሚያጣጥሉ አሉ። ሕዳሴም በዓመት 15 ሺህ 700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ እንዲያመነጭ ነው የታቀደው፤ ሲካፈል እሱም 35 በመቶ አካባቢ ይወጣል። ልዩነቱ ግድቡ የሚያመነጭበትን ሰዓት ሰው ይመርጣል፤ የነፋሱን ነፋሱ ይመርጣል።

ትንንሹ ሶላር በየቦታው ነው

ትልቁን የፀሐይ ማመንጫ ያጣ መንገደኛ ትንንሹን ያለማቋረጥ ያየዋል። መጀመሪያ የቴሌ ማማዎች። ከመስመር በራቀ ኮረብታ ላይ ያለ ማማ አጥር ግቢ ውስጥ የፓኔል ረድፍ፣ አጠገቡ ጄኔሬተር፣ ቁም ሳጥን የሚመስል የባትሪ ሣጥን ይኖራል። እዚያ ሶላር የገባው ናፍጣ ጭኖ ተራራ መውጣት ከናፍጣው በላይ ስለሚያስወጣ ነው።

ሁለተኛው የውኃ ጉድጓድ ነው። ከፍ ያለ የብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ፣ ከሥሩ የፓኔል ረድፍ ካያችሁ የሶላር ፓምፕ ነው። ስንት ፓኔል እንደሚያስፈልገው በቀላሉ ይሰላል። በቀን 50 ሜትር ኩብ ውኃ ከ60 ሜትር ጥልቀት ለማንሳት ውኃው ራሱ የሚጠይቀው ጉልበት 8.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ፓምፑና ሞተሩ ግማሹን ያህል ያባክናሉ፤ 16 እስከ 17 ይሆናል። በቀን 5.5 የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ተይዞ፣ ለአቧራ፣ ለሙቀትና ለሽቦ 20 በመቶ ሲቀነስ፣ ወደ 3.8 ኪሎ ዋት ፓኔል ይወጣል፤ ባለ 550 ዋት ሰባት ፓኔል። ባትሪ አይገባበትም፤ ማከማቻው ሮቶው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ላይ ሁለትና ሦስት ፓኔል ብቻ ካያችሁ ወይ ጉድጓዱ ጥልቅ አይደለም፣ ወይ ሰፈሩ ውኃ አይበቃውም።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ፓኔሉ አይደለም። የፓምፑ መቆጣጠሪያ በመብረቅ ወይም በሙቀት ይቃጠላል። ውኃው ከሚጠበቀው በታች ሲወርድ ፓምፑ በደረቁ እየሠራ ይነዳል፤ ይህን የሚከላከለው የውኃ ደረጃ ሴንሰር ዋጋ ለመቀነስ ሲባል የሚቀር የመጀመሪያው ዕቃ ነው። አቧራም አለ። በበጋ ለሁለት ወር ያልተጠረገ ፓኔል ጥርጊያ መንገድ ዳር ከሆነ ምርቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ከአንድ ጥግ የተለጠፈ ጭቃ ወይም የወፍ ኩስ ደግሞ ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ ከስፋቱ በላይ ይጎዳል።

ሦስተኛው የቤት ጣሪያ ነው። በቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ የተኛ ፓኔል ሁለት ጥፋት አለበት። አንደኛ፣ ሙቀት። የፓኔል ኃይል ሴሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 እስከ 0.4 በመቶ ይቀንሳል፤ በመተሐራ ወይም በአፋር ቀትር ሴሉ 65 ዲግሪ ሲደርስ 15 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አየር እንዲያልፍ ማድረግ የዚህን ጥቂቱን ይመልሳል። ሁለተኛ፣ ዘንበል አለማለቱ። ዝናብ እንዲያጥበው ቢያንስ 10 ዲግሪ ይፈልጋል። ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን የሚለው ምክር ለእኛ ልክ ነው፣ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባና በአዳማ ሰማይ ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ በሰሜን በኩል ያለ ዛፍ በክረምት ጥላ ይጥላል፤ የክረምት ፀሐይ ደግሞ እንዲያውም ትንሽ ናት።

የመንገድ ዳር የሶላር መብራቶችን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ያልበራ ካያችሁ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። የእርሳስ ባትሪ በየሌሊቱ ተሟጥጦ ሲያድር ሁለት ሦስት ዓመት ነው የሚቆየው፤ መተኪያው በጀት ውስጥ ካልገባ ምሰሶው ይቀራል፣ መብራቱ ይሄዳል።

ገንዘቡ

አሁን ወደ መተሐራ። አዳማ አንድ 117 ሚሊዮን ዶላር፣ አዳማ ሁለት 345 ሚሊዮን ዶላር ነው ያስወጡት። 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነበር። የአሸጎዳው ገንዘብ ከፈረንሳይ፣ ኢተያ አጠገብ ያለው የአሰላው ከዴንማርክ፣ በሶማሌ ክልል በጅቡቲው መንገድ በኩል ያለው የአይሻ ሁለት 120 ሜጋ ዋትም ከቻይና ነው የመጣው። በዚህ አሠራር ተቋራጩ ገንብቶ፣ ክፍያውን ተቀብሎ ይወጣል። የብሩ መውረድም፣ የተርባይኑ መቆምም፣ የመለዋወጫው ዕጦትም የባለቤቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጣጣ ነው። ለገንቢው አደጋው ትንሽ ስለሆነ ይገነባል። ከመንገዱ የሚታየውም ለዚህ ነው።

መተሐራና ከሱ በኋላ የመጡት በሌላ መንገድ ነው የተሞከሩት። በመስከረም 2012 የሳዑዲው አክዋ ፓወር ሁለት ባለ 125 ሜጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫዎችን አሸነፈ፤ አንዱ በሶማሌ ክልል ጋድ፣ ሌላው በአፋር ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ በኩል ዲቼቶ። ያቀረበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በአህጉሩ እጅግ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ። ጋዜጣው ሁሉ አጨበጨበ። ሁለቱም አልተገነቡም።

ባለሀብቱ ገንዘቡን በዶላር ተበድሮ ያመጣል፣ 20 ዓመት ኃይል ይሸጣል፣ ዕዳውን በዶላር ይከፍላል። ገዢው ግን ከሕዝቡ የሚሰበስበው ብር ነው። አበዳሪ ባንክ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ገዢው ባይከፍል ማን ይከፍላል? ብሩ በእጄ ቢገባ ዶላር ማን ይመነዝርልኛል? መስመሩ በሰዓቱ ካልደረሰስ? የመጀመሪያው በመንግሥትና በዓለም ባንክ ዋስትና ይፈታል። ሁለተኛው ላይ ነው ነገሩ የሚተበተበው። ለመድኃኒትና ለነዳጅ ዶላር በወረፋ በሚሰጥበት አገር ለአንድ ኩባንያ ለ20 ዓመት ያለ ወረፋ ይሰጥሃል ብሎ መፈረም ቀላል ውሳኔ አይደለም። የባንኩም ፍርሃት፣ የመንግሥትም ማመንታት ምክንያት አለው።

ቁጥሩን በብር እንየው። በ2012 መጀመሪያ ዶላር 29 ብር ገደማ ነበር፤ 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ማለት 73 የኢትዮጵያ ሳንቲም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በ120 ብር ሲሰላ ያው ኪሎ ዋት ሰዓት 3 ብር ይገባል። ታሪፉ እስኪከለስ እስከ 2011 ድረስ ትንሽ የሚጠቀም ቤተሰብ በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ነበር የሚከፍለው። ውሉ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን የሚሸፍነው ኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። በሌላ በኩል ዋጋው ራሱ እጅግ ስለወረደ ለመዘግየት ትንፋሽ አልተወም። ድርድሩ ሲጓተት በ2013 በዓለም ገበያ የፓኔልም የመርከብም ዋጋ ጨመረ፤ በ2.5 የአሜሪካ ሳንቲም የሚያዋጣው ስሌት ፈረሰ። በእኛ ግምት ጨረታውን ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ብቻ መመሥረት ስሕተት ነበር። 3.5 ሳንቲም ላይ የሚገነባ ማመንጫ 2.5 ላይ ከማይገነባው ይረክሳል።

የድሮው በርም ቢሆን ጠቧል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 የዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ በዶላር የተበደረችበት ቦንድ) ወለዷን ሳትከፍል ቀርታ ዕዳዋን በድርድር ላይ ካዋለች ወዲህ፣ መንግሥት እንደ አዳማ ሁለት ያለ ፕሮጀክት በንግድ ብድር ማሠራት ከብዶታል። ስለዚህ አዳዲሶቹ ስምምነቶች የግል ናቸው፦ የኤምሬትሱ ማስዳር በጥር 2015 ለ500 ሜጋ ዋት ፀሐይ፣ አሜአ ፓወር ደግሞ በአይሻ ለ300 ሜጋ ዋት ነፋስ ፈርመዋል። በ2017 የጀመረው የታሪፍ ጭማሪና የተለቀቀው ምንዛሪ የሁለተኛውን፣ የዶላር ምንዛሪውን ጥያቄ ክብደት ይቀንሱታል፤ የቤተሰቡን ኪስ ግን በዚያው ልክ ይጫናሉ።

ፊርማን ከሥራ መለየት የሚፈልግ መንገደኛ የሚያያቸው ምልክቶች አሉ። ለነፋስ መጀመሪያ የሚቆመው በሽቦ የተወጠረ ቀጭን የመለኪያ ማማ ነው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ነፋሱን ካልመዘገበ አበዳሪ አያይም። ቀጥሎ ወደ ኮረብታው ለክሬን የሚበቃ ሰፊ መንገድ ይጠረጋል፣ ለእያንዳንዱ ተርባይን ከ300 ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የሚጠጣ መሠረት ይቆፈራል። ለሶላር ከአጥሩ ይልቅ ሽቦውን እዩ። 100 ሜጋ ዋት በመንደር የእንጨትና የኮንክሪት ምሰሶ (15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት) አይወጣም፤ የብረት ማማ ያስፈልገዋል። የተንጠለጠሉትን የሲኒ ሰሃኖች ቁጠሩ፦ 10 ገደማ ከሆኑ 132 ኪሎ ቮልት፣ 15 ገደማ ከሆኑ 230፣ ከ20 በላይ ከሆኑ 400 ነው። መሬቱ ታጥሮ፣ ታፔላው ተተክሎ፣ የማከፋፈያ ጣቢያው ቦታ ባዶ ከሆነና የብረት ማማ ወደዚያ ካልመጣ፣ ፓኔሎቹ ገና መርከብ ላይ አልተጫኑም።